የጉንዳን አንበሳ በፎቶ፦ ለዝርያ ስም ምስል የሚበቃው መቼ ነው?

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ማብቂያ ላይ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ የነበረ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በካምፑ መብራት ዙሪያ ስትርገበገብ ያገኛትን በራሪ ነፍሳት በስልኩ አንሥቶ ላከልኝ። ቀጭንና ረጅም ሆድ፣ ጥርት ያሉ አራት ክንፎች፣ ጫፋቸው እንደ ዱላ ራስ ወፈር ያሉ ሁለት አንቴናዎች ነበሯት። ከፎቶው ጋር አንድ የስልክ መተግበሪያ በሰከንዶች ውስጥ የሰጠውን ሳይንሳዊ ስም አያይዞ ልኳል፤ ስሙም ሚርሜሌዎን ፎርሚካሪዩስ ይላል። ይህ የጉንዳን አንበሳ ዝርያ በአውሮፓና ከዚያ በምሥራቅ ባሉ ቀዝቃዛ አገሮች፣ አሸዋማ በሆኑ የደን ዳርቻዎች የሚኖር ነው። ልጁ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ቲቸር፣ ልክ ነው?»

ስሙ ልክ ሊሆን እንደማይችል ለመረዳት ብዙ አልተቸገርኩም። ትክክለኛው ስም የትኛው እንደሆነ ግን ከዚያ ፎቶ ተነሥቼ መናገር አልቻልኩም። ይህ የእኔ የዕውቀት ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሌላ ባለሙያ ማስተላለፍ በቂ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን በዓለም ላይ ስለ ጉንዳን አንበሳ ቤተሰብ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ቢያየውም ያ ፎቶ ከወገን ደረጃ፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎችን ከሚያቅፈው ምድብ፣ በላይ አያደርሰውም ነበር። አንድን ዝርያ ከፎቶ መለየት የሚቻለው ዝርያውን ከቅርብ ዘመዶቹ የሚለየው ምልክት በፎቶው ላይ ሲታይ ብቻ ነው። በጉንዳን አንበሳ ዘንድ ደግሞ ይህ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሰው ካሜራውን በማያዞርበት የአካል ክፍል ላይ ነው።

ጎንደር ውስጥ ያደገ ሰው ይህችን ፍጥረት በሌላ መልኳ ያውቃታል። ከቤት ክፈፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ካብ ጥግ፣ ዝናብ በማይደርስበት ዱቄት በመሰለ አፈር ላይ፣ እንደ ሙቀጫ ሆድ ወደ ታች የሚጠቡ ትናንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ። ልጅ ሆነን ጉንዳን ይዘን ወደ ጉድጓዱ እንጥልና ከሥር አፈር እየተወነጨፈ ጉንዳኑ ወደ ታች ሲንሸራተት በጽሞና እናይ ነበር። አፈሩን የሚወነጭፈው በጉድጓዱ ወለል የተቀበረው እጭ ነው። እንደ ማጭድ የጎበጡት ሁለት መንጋጋዎቹ ውስጣቸው ቦይ ስላለው ያጠመደውን የሚወጋበት፣ ሥጋውን የሚያሟሟ ፈሳሽ የሚረጭበትና የሟሟውን መልሶ የሚመጥበት መሣሪያ ናቸው። እጩ እንደሚያገኘው ምግብ መጠን ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት በዚህ ሁኔታ ይኖራል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሦስት የዕድገት ደረጃዎችን ያልፋል፤ አንጀቱ መውጫ ስለሌለው ደረቅ ቆሻሻውን እንኳ አያስወግድም፤ ያን የሚያወጣው ክንፍ ካበቀለ በኋላ ነው። ከዚያም አፈርን በሐር አጣብቆ ድቡልቡል ቤት ይሠራና ውስጡ ሙሽሬ፣ ማለትም በእጭና በባለ ክንፏ መካከል ያለው ደረጃ፣ ይሆናል። ከዚህ ቤት የምትወጣው ተማሪዬ በመብራት ሥር ያያት ባለ ክንፏ ናት። ሁለቱን መልኮች የሚያያይዝ ነገር በዓይን ስለማይታይ፣ ጉድጓዱን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ባለ ክንፏን ሲያይ «ይህች ምንድን ናት?» ብሎ ቢጠይቅ አያስገርምም።

ስሙም የራሱ ታሪክ አለው። መጽሐፈ ኢዮብን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንት በምዕራፍ 4 ቁጥር 11 ላይ አደን አጥቶ የሚጠፋውን አንበሳ «ሚርሜቆሌዎን» ብለውታል፤ ትርጉሙ በቀጥታ የጉንዳን አንበሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1767 ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ለወገኑ «ሚርሜሌዎን» የሚለውን ስም ሲሰጥ ይኸው የጉንዳንና የአንበሳ ጥምረት ወደ ሳይንሱ ገባ። እውነተኛው እጭ ግን አደን በማጣት ቶሎ የሚጠፋ አይደለም፤ ምንም ሳይበላ ለወራት መቆየት ይችላል።

በዓለም ላይ ወደ 2,000 የሚጠጉ የጉንዳን አንበሳ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ጉድጓድ የሚቆፍሩት ጥቂቶቹ ናቸው። የሚበዙት እጮች በልቅ አሸዋ ውስጥ፣ በድንጋይ ሥር ወይም በዛፍ ግንድ ላይ በሚከማች ትቢያ ውስጥ ተደብቀው ያደባሉ። ሰው የሚያውቀው ጉድጓዱን ስለሆነ በፎቶም የሚበዙት ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ናቸው፤ ከምንኖርበት አካባቢ የሚመጣው መረጃ ከመነሻው ወደ አንድ ጎን ያጋደለ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

«በረሃ» ስንል

ወደ መለያ ምልክቶቹ ከመግባቴ በፊት የአንድን ቃል ጉዳይ ማንሣት አለብኝ፤ ምክንያቱም ከእኛ አካባቢ በሚላኩ ፎቶዎች ላይ ከባዱን ስሕተት የሚፈጥረው ይህ ቃል ሆኖ አግኝቼዋለሁና ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይና ደጋ ከተማ ናት። እኛ «በረሃ ወረደ» የምንለው ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ ወይም ወደ አርማጭሆ ቆላ የሄደውን ሰው ነው። ሙቀቱን፣ ወባውንና የሥራውን ክብደት ለመግለጽ ቃሉ ትክክለኛ ቃል ነው። በሥነ ምድር አነጋገር ግን በረሃ የሚባለው በዓመት ከ250 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ የሚያገኝ ቦታ ነው፤ መተማ ደግሞ ክረምቱ ሲገባ በደንብ የሚዘንብበት፣ የእጣን ዛፍና ረጅም ሣር የሚበቅልበት ደረቅ ደን ነው። እውነተኛውን በረሃ የምናገኘው በስተምሥራቅ በአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች፣ በስተምዕራብ ደግሞ ድንበሩን ተሻግረን በሰሜን ሱዳን ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከፎቶው ሥር «በረሃ፣ ጎንደር» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ፎቶውን በሌላ አገር ሆኖ የሚመረምረውን ባለሙያ ወደ አሸዋማ በረሃ ዝርያዎች ይመራዋል። ባለሙያው በአእምሮው የሚያወዳድረው ከሰሃራና ከዓረብ ምድር ከሚያውቃቸው ጋር ይሆናል፤ በመተማ የሚኖሩት ግን ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ኤርትራ በተዘረጋው የሣርና የደረቅ ደን ቀበቶ የሚገኙ ሊሆኑ ይችላሉ። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር ከተማ ያለው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን ከፍታው ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ይለዋወጣል፤ በዚህ መንገድ ላይ የአንድ ቦታ ስም መሳሳት የአየር ጠባዩን ሁሉ መሳሳት ነው።

ዓይን የሚያርፍበትና ምልክቱ ያለበት

የመጀመሪያው እርከን ቀላል ነው። ባለ ክንፏ የጉንዳን አንበሳ በወንዝ ዳር የምናያትን የውኃ ተርብ ትመስላለች፤ ነገር ግን የውኃ ተርብ አንቴና እንደ ፀጉር የቀጠነና በጣም አጭር ሲሆን፣ የጉንዳን አንበሳ አንቴና ጎላ ብሎ የሚታይና ጫፉ የወፈረ ነው። ስታርፍም ክንፎቿን እንደ ቤት ጣራ በሆዷ ላይ ትከድናለች። ይህን ያህሉን ማንኛውም የስልክ ፎቶ ያሳያል። ከዚህ ቀጥሎ አንቴናቸው በጣም ረጅም የሆነና ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ዘመዶቻቸው አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ የዘረ መል ጥናት እነዚህን ራሳቸውን በጉንዳን አንበሳ ቤተሰብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ሁሉም ተመራማሪ አልተቀበለውም፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ነፍሳት በሁለት ምንጮች በሁለት የቤተሰብ ስም ተመዝግባ ብትገኝ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ከቤተሰብ ወደ ወገን፣ ከወገን ወደ ዝርያ ስንወርድ ነው። እዚህ ላይ ዋናው መጽሐፋችን ክንፍ ነው። በክንፉ ላይ ያሉት ሥሮች የት እንደሚጀምሩ፣ የት እንደሚከፈሉና በመካከላቸው ስንት ተሻጋሪ ሥሮች እንዳሉ ይቆጠራል። ለምሳሌ በኋለኛው ክንፍ ላይ ዋናው ሥር ከመከፈሉ በፊት ያሉት ተሻጋሪ ሥሮች በአንዳንድ ነገዶች (ነገድ በቤተሰቡ ውስጥ ብዙ ወገኖችን የሚይዝ ምድብ ነው) አንድ ብቻ ሲሆኑ፣ የሚርሜሌዎን ወገን ባለበት ነገድ ግን አራትና ከዚያ በላይ ናቸው። ይህ በቀላሉ ሊቆጠር የሚችል፣ ሰውን የማያከራክር ምልክት ነው። ነገር ግን ነፍሳቷ ስታርፍ የፊተኛው ክንፍ የኋለኛውን ይሸፍነዋል፤ ሁለቱም ጥርት ያሉ ስለሆኑ በፎቶ ላይ የሁለቱ ሥሮች ተደራርበው አንድ የተወሳሰበ መረብ ይሆናሉ፤ የትኛው መስመር የየትኛው ክንፍ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ተማሪዬ የላከልኝ ፎቶ የተበላሸው በዚህ ነው። ስልኩ ጥሩ ነበር፣ ትኩረቱም ደህና ነበር፤ ምልክቱ ግን ከሽፋን በታች ነበር።

ክንፍ ወገኑን ሲነግረን፣ ዝርያውን የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፤ በደረት የላይኛው ክፍል ላይ ያሉ የቡናማና የቢጫ መስመሮች አቀማመጥ፣ በፊት ላይ ያለው ጥቁር ምልክት፣ የእግር ቀለም፣ በቅልጥም ጫፍ ላይ ያለው እሾህ ርዝመት ከእግር ጣት አንጓዎች ጋር ሲነጻጸር፣ በወንዱ የኋላ ክንፍ ሥር ያለች አንዲት ትንሽ እብጠት መኖር አለመኖሯ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ። የመጨረሻው በብዙ ወገኖች ውስጥ ዳኛ ሆኖ የሚቆመው ነው፤ ሊታይ የሚችለውም የሆዱ ጫፍ ተከፍቶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው። በዱር የተነሣ ፎቶ ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ ካሜራው ምንም ያህል ውድ ቢሆን ነገሩ አይለወጥም።

ቀለም ደግሞ በቆላና በበረሃ ይበልጥ ያታልላል። በገረጣ አሸዋ ላይ የሚኖሩ ዝርያዎች ዝምድናቸው የራቀ ቢሆንም እንኳ ወደ ገረጣ ቢጫና አመድማ ቀለም ያደሉ ናቸው፤ ከአዳኝ ዓይን የሚሰውራቸው ያ ስለሆነ ነው። ስለዚህ አንዱን በረሃዊ ዝርያ ከሌላው ጋር የሚያመሳስለው ዝምድናው ሳይሆን አፈሩ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ የቢጫ አምፖል ብርሃን ሲጨመርበት የእግሩ ቀለም ገለባ መሰል ይሁን ነጭ ለማወቅ ያስቸግራል። እኔ በበኩሌ በአምፖል ብርሃን ብቻ በተነሣ ፎቶ ላይ ስለ ቀለም የሚቀርብ ክርክር ሁሉ ወደ ጎን ሊተው ይገባል ባይ ነኝ።

ይህ ማለት ግን ፎቶ ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ፓልፓሬስ የሚባለው ወገን ክንፋቸው ሰፋፊ፣ በቡናማ ጠብታዎችና ቀበቶዎች ያጌጠ ግዙፍ የጉንዳን አንበሶችን ይይዛል፤ ከእነርሱ ትልልቆቹ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ይደርሳል። በአፍሪካ ሣራማ ቆላዎች የሚኖሩት እነዚህ እጮቻቸው ጉድጓድ አይቆፍሩም፤ በአሸዋ ውስጥ ተቀብረው ያደባሉ። የክንፋቸው ጌጥ በብዙ ዝርያዎች ዘንድ ልዩ ስለሆነ፣ አራቱም ክንፎች የሚታዩበት ንጹሕ ፎቶ ለባለሙያ ብዙ ይነግረዋል። ኩዌታ የሚባለው ወገን ደግሞ በመካከል ያለ ነው። በአፍሪካ፣ በሜዲትራኒያን ዙሪያና በእስያ ደረቅ ቦታዎች የሚገኝ ጉድጓድ ቆፋሪ ሲሆን፣ በአካሉ ርዝመት የተዘረጉ ደማቅና ገርጣጣ መስመሮች ስላሉት ወገኑን መጠርጠር አያዳግትም፤ በውስጡ ያሉትን ዝርያዎች መለየት ግን ለባለሙያም የሚከብድ ሥራ ነው። በሚርሜሌዎን ወገን ውስጥ ፎቶ ዝምተኛ ነው። ክንፋቸው ጥርት ያለ፣ አካላቸው አመድማ የሆነ ብዙ ዝርያዎች አሉ፤ እንደ ሚርሜሌዎን ኦብስኩሩስ ያሉት በአፍሪካ በስፋት የተሠራጩ ናቸው፤ የሚለዩትም በደረት ላይ ባለች ነጥብ ወይም በመራቢያ አካል ነው።

የጉድጓዱ ፎቶስ? ለዝርያ መለያነት ከሞላ ጎደል ዋጋ የለውም። የጉድጓዱ ተዳፋት የሚወሰነው በአሸዋው ቅንጣት ነው፤ ስፋቱ የሚወሰነው በእጩ ዕድሜና ረሃብ ነው። አንዱ እጭ በተለያየ ሳምንት የተለያየ ጉድጓድ ይሠራል።

ማሽኑ ለምን የአውሮፓን ስም ሰጠ?

ወቅታዊው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ይህን ፎቶ ያነሣ ሰው ስሙን ለማወቅ ሰው መጠየቅ ነበረበት፤ ዛሬ ስልኩን ይጠይቃል፤ ስልኩም ሳያመነታ ይመልሳል። መልሱ እንዴት እንደሚገኝ የተረዳ ሰው ግን ጥቂት ነው። የምስል መለያ ፕሮግራም የሚሠለጥነው ቀደም ሲል ስም በተሰጣቸው ብዙ ፎቶዎች ነው። ስለዚህ ሊሰጥ የሚችለው ስም በሥልጠናው ውስጥ ያየውን ስም ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ ቆላ የተነሣ፣ በባለሙያ የተረጋገጠ በቂ ፎቶ የሌለው ዝርያ ለፕሮግራሙ እንዳልተፈጠረ ያህል ነው። በአውሮፓ ደግሞ ፎቶ አንሺውም ባለሙያውም ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት የመተማዋ ነፍሳት ስትቀርብለት ከሚያውቃቸው ውስጥ በይበልጥ የምትመስላትን ይመርጣል፤ የምትመስላት ደግሞ ያችው የደን ዳርቻዋ ናት። ፕሮግራሙ በራሱ መመዘኛ አልተሳሳተም ማለት ይቻላል፤ የተሳሳተው ከዝርዝሩ ውጭ ስም ሊኖር እንደማይችል አድርጎ መልሱን የተቀበለው ነው። አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች «እርግጠኛ የምሆነው እስከ ወገኑ ነው» የሚል መልስ ይሰጣሉ፤ ይህ መልስ ሲመጣ ተጠቃሚው እንደ ድካም ሳይሆን እንደ ታማኝነት ሊቆጥረው ይገባል።

ስሕተቱ በአንድ ስልክ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ አነስተኛ በሆነ ነበር። ነገር ግን ስም ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረውና በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት አይናቹራሊስት የተባለው የተፈጥሮ ምልከታ መድረክ፣ አንድ ምልከታ ቀን፣ ቦታና ምስል ካለውና ስም ከሰጡት ሰዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት በዝርያው ከተስማሙ «ለምርምር ብቁ» የሚል ማዕረግ ይሰጠዋል። ሁለት ሰዎች ብቻ ቢሆኑም ይበቃል። ይህን ማዕረግ ያገኙ፣ ፈቃዳቸውም የሚፈቅድላቸው ምልከታዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ወደተቋቋመውና ጽሕፈት ቤቱ በኮፐንሃገን ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት ይተላለፋሉ። ሥርዓቱ ለወፎችና ለአጥቢ እንስሳት እጅግ ጠቃሚ ሆኗል። ለጉንዳን አንበሳ ግን የመጀመሪያው ሰው የማሽኑን ሐሳብ ተቀብሎ፣ ሁለተኛው ለመርዳት ብሎ ቢያጸድቅ፣ በመተማ ላይ የአውሮፓ ዝርያ ነጥብ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የሥርጭት ካርታ የሚሠራ ሰው ነጥቡን ይወስዳል፤ ቀጣዩ ማሽን በዚያው ፎቶ ይሠለጥናል፤ ስሕተቱ ምስክር እያበዛ ይሄዳል።

የሰሊጥ እርሻ እየሰፋ፣ የእጣን ዛፍ ደን እየሳሳ በሚሄድበት በዚህ ቆላ፣ ምን ዓይነት ነፍሳት እንደነበሩ የሚነግረን መዝገብ ያስፈልገናል። በስሕተት የተሞላ መዝገብ ከባዶ መዝገብ የባሰ ነው፤ ባዶው ቢያንስ ገና ያልተሠራ ሥራ እንዳለ ያሳያል።

ምልክቱን ወደ ካሜራው ማምጣት

ታዲያ በጎንደር ያለ ተማሪ፣ በመተማ ያለ ሠራተኛ ወይም ቋራ ወርዶ የአላጥሽን ብሔራዊ ፓርክ የሚጎበኝ ሰው ምን ያድርግ? ፎቶ ማንሣቱን አይተው፤ ከአንድ ፎቶ ይልቅ ስድስት ሰባት ያንሣ። ነፍሳቷ በሌሊት መብራት ሥር ስታርፍ ብዙም አትሸሽም፤ በረራዋ ደካማ ነው። ከጎን፣ ከላይ ደረቷ እንዲታይ፣ ፊት ለፊት አንቴናዋና ፊቷ እንዲታይ፣ ከሥር እግሯና የእግሯ እሾህ እንዲታይ፣ በመጨረሻም የሆዷ ጫፍ ብቻ ተጠግቶ መነሣት አለበት። ክንፉን ለማየት ከሁሉ የተሻለው ዘዴ በክንፉ በስተጀርባ ብርሃን ማድረግ ነው፤ ከጀርባ የሚመጣ ብርሃን ሥሮቹን ጥቁር መስመር አድርጎ ያወጣቸዋል። ነፍሳቷን በእርጋታ ይዞ አንዱን የፊት ክንፍ ወደ ጎን ገለጥ በማድረግ የኋለኛውን ብቻ ማንሣት ከተቻለ፣ ያች አንዲት ፎቶ ከሌሎቹ ሁሉ ትበልጣለች። ማስመሪያ አጠገቧ ይቀመጥ፤ ነጭ ወረቀትም ከሥሯ ይነጠፍ፤ ወረቀቱ ነጭ መሆኑ የአምፖሉን ቢጫ በኋላ ለማረም ያስችላል።

ከፎቶው ያላነሰ ዋጋ ያለው ከፎቶው ጋር የሚጻፈው ነው። እዚህ ላይ እኛን ብቻ የሚያጋጥም ችግር አለ። ተማሪው «ጥቅምት 5» ብሎ ይጽፋል፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው «ኦክቶበር 5» ያደርገዋል፤ አሥር ቀን ጠፋ። ዓመቱም በሰባት ወይም በስምንት ይለያያል። ሰዓቱን «2፡00» ብሎ ይጽፋል፤ ለእኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ለሌላው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ በምሽት ስለምትንቀሳቀስ ነፍሳት ስንናገር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ስለዚህ የትኛው ዘመን አቆጣጠርና የትኛው ሰዓት እንደሆነ አብሮ ይጻፍ። ቦታውም «መተማ» ብቻ ሳይሆን በቁጥር የተቀመጠ አቅጣጫና ከፍታ ይኑረው። በቴሌግራም ሲላክ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ በውስጡ የነበረው የቦታና የጊዜ መረጃም አብሮት ይጠፋል።

ከፎቶ አልፎ መሄድ ለሚችል ሰው ግን እኔ ከሁሉም አብልጬ የምመክረው እጩን አሳድጎ ማየትን ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊያደርገው የሚችል ሥራ ነው። ትልልቆቹን እጮች ከነአፈራቸው በቆርቆሮ አድርጎ፣ አፈሩን በደረቅነቱ ጠብቆ፣ በየጥቂት ቀኑ ጉንዳን እየሰጡ መቆየት ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ይቀመጥ፤ አብረው ከተቀመጡ ይበላላሉ። ድቡልቡሉ ቤት ሲሠራ በቆርቆሮው ውስጥ ቀጭን እንጨት ይተከል፤ የምትወጣው ነፍሳት ክንፏን ለመዘርጋት ወደ ላይ የምትወጣበት ነገር ካላገኘች ክንፏ ተጨማድዶ ይቀራል። ቀለሟ የሚደምቀው ከወጣች በኋላ ቀስ በቀስ ስለሆነ ቢያንስ እስከ ማግስቱ ሳይታገሡ ፎቶ ማንሣት ሌላ አሳሳች መረጃ መፍጠር ነው። የዚህ ሥራ ታላቅ ጥቅሙ ደግሞ ባዶ በቀረው ድቡልቡል ቤት ውስጥ ነው፤ እጩ የጣለው ቆዳ ከነመንጋጋው እዚያው ይገኛል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የእጩን መንጋጋ፣ የጉድጓዱን ፎቶና ባለ ክንፏን በእርግጠኝነት አያይዞ ማቅረብ ይችላል። የብዙ ዝርያዎች እጭ እስከ ዛሬ በሳይንስ ተገልጾ ስለማያውቅ፣ ከጎንደር ቆላ እንዲህ ያለ አንድ ጥንድ ማቅረብ እውነተኛ አስተዋጽኦ ነው።

የዘረ መል ምርመራም መንገድ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚነጻጸርበት በትክክል የተሰየመ ናሙና አስቀድሞ ከሌለ የሚሰጠው መልስ ያው የማሽኑን ይመስላል።

ናሙና የሚለው ቃል ወደ ሌላ አንገብጋቢ ጉዳይ ያመጣናል። እ.ኤ.አ. ከ1832 እስከ 1833 ጎንደር የተቀመጠው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል ዋልያንና ጭላዳን እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ የሰየመ ሰው ነው፤ የሰበሰባቸው ናሙናዎች ዛሬም በፍራንክፈርት በሚገኘው የዜንከንበርግ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ዋልያን ከአንዱ ገደል ማዶ ሆኖ በፎቶ መለየት ስለሚቻል የናሙናው መራቅ ብዙ አይጎዳንም። ለጉንዳን አንበሳ ግን ስሙ የተሰጠበት የመጀመሪያው ናሙና የክርክር ሁሉ መጨረሻ ነው፤ እነዚህ ናሙናዎች ደግሞ በአብዛኛው የተቀመጡት በአውሮፓ ሙዚየሞች ነው። በሌላ በኩል እኛ ናሙና ልከን ለማስመርመር ብንፈልግ፣ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የጄኔቲክ ሀብትን ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። አዋጁ ተገቢ ነው፤ ብዙ ነገር በዝምታ ከአገር ከወጣ በኋላ የመጣ ጥበቃ ነው። ውጤቱ ግን ድንበር በነጻነት የሚሻገረው ፎቶ ብቻ እንዲሆን አድርጓል፤ ፎቶው ከአቅሙ በላይ ሸክም የሚጫንበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለት ነገሮች ይህን ሸክም ሊያቀልሉት ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። አንዱ፣ የአውሮፓ ሙዚየሞች የስም ናሙናዎቻቸውን ክንፉ ተዘርግቶ፣ የሆዱ ጫፍ ተጠግቶ በሚታይበት ምስል ለሁሉም ክፍት ማድረጋቸው ነው፤ አንዳንዶቹ ጀምረዋል። ሁለተኛውና ለእኛ የሚቀርበው፣ እዚሁ ጎንደር ውስጥ በመርፌ የተሰኩ፣ ክንፋቸው የተዘረጋ፣ የተያዙበት ቦታና ቀን በትክክል የተጻፈባቸው ጥቂት ሳጥኖች መኖራቸው ነው። ሳጥኑ የእንጨት ሊሆን ይችላል፤ የሚያስፈልገው ከእርጥበትና ደረቅ ናሙና ከሚበሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚጠብቀው ሰው ነው። ከፎቶው ጋር አንድ ቁጥር የተሰጠው ናሙና በሳጥን ውስጥ ካለ፣ ዛሬ «ሚርሜሌዎን፣ ዝርያው ያልተለየ» ተብሎ የተመዘገበው ከሃያ ዓመት በኋላ ስሙን ሊያገኝ ይችላል። ፎቶው ብቻ ካለ ግን ከሃያ ዓመት በኋላም የምናየው ያንኑ የተደራረበ ክንፍ ነው።

ለተማሪዬ የመለስኩለት መልስ አጭር ነበር፤ ወገኑ ሚርሜሌዎን ይመስላል፣ የአውሮፓው ዝርያ አይደለም፣ ከዚህ በላይ ፎቶው አይናገርም፤ መተግበሪያው ላይ ያስገባኸውን ስም ወደ ወገን ደረጃ መልሰው አልኩት። በታኅሣሥ ሲመለስ ከካምፑ መጋዘን ክፈፍ ሥር ያገኛቸውን ሁለት እጮች በሁለት የወተት ቆርቆሮ ከነአፈራቸው ይዞልኝ መጣ። በእያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ የቦታው ስም፣ ከፍታው፣ ቀኑ በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር በእስክሪብቶ ተጽፏል። አንደኛው እጭ ድቡልቡል ቤቱን ሠርቷል፤ በቆርቆሮው ውስጥ ቀጭን የጽድ እንጨት ተክዬለታለሁ።